ዝዋይ የሚባለው የሴጋ ካሴት ስንት ያወጣል?

የሂርማታ ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ጉዳይ ገጠመኝ።

አባቴ ጅማ መርካቶ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ሱቁን ልናከራየው ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ዕቃውን ማውጣት ጀመርን። ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጡ ካቻቪቴ አለ፣ የተቃጠለ ትራንዚስተር አለ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ የሴጋ ጌም ካሴት። በላቲን ፊደል “ሄርዞግ ዝዋይ” ይላል። ሌላው ጽሑፍ ጃፓንኛ ነው።

ፎቶውን ለቤተሰብ ብልክ የእህቴ ልጅ “የጌም ካሴት በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል” ብሎ ቤቱን አተራመሰው። እናቴ ካሴቱን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ቀልዴን አይደለም። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ምንድን ነው? ስንት ያወጣል? ኦርጅናል መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? ከመቆለፉ በፊት ያነሳኋቸውን ሦስት ፎቶዎች አያይዣለሁ።

ፈጣን ገዢ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡52

ኢንቦክስ ግባ። 2 ሺህ ብር አሁኑኑ እልካለሁ።

አጂፕ ሰፈር ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

በ12 ደቂቃ ውስጥ 2 ሺህ ብር ያወጣ ሰው ካለ፣ ዕቃው ከ2 ሺህ በላይ ነው ማለት ነው። እኔ ስለ ጌም አላውቅም፤ ስለ ሰው ግን አውቃለሁ። 😂

ለመሆኑ ዝዋይ ሐይቁ ነው? ጀልባ አለው?

ካሴት ለቃሚ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

አባትህን ነፍስ ይማር።

በመጀመሪያ ለእናትህ ቁልፉን ከአንገታቸው እንዲያወርዱ ንገራቸው። በ1.56 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ሱፐር ማሪዮ 64 ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ወጣ። ያ ካሴት ከፋብሪካ እንደወጣ ላስቲኩ ሳይቀደድ የኖረ ነው። ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት ከ10 9.8 ሰጥቶ በፕላስቲክ አሽጎታል። ማንም ተጫውቶበት አያውቅም፣ ወደፊትም አይጫወትበትም። ያንተ ከተቃጠለ ትራንዚስተር ጋር ሲያድር የኖረ ነው።

እንዲህ ስል ግን ተራ ነገር አገኘህ ማለቴ አይደለም። አጂፕ ሰፈር፣ ሐይቁ አይደለም፤ ግን ጀልባ አለው! ስሙ ጀርመንኛ ነው። ሄርዞግ መስፍን ማለት ነው፣ ዝዋይ ደግሞ ሁለት። “መስፍን ሁለት” በለው። አንደኛው ሄርዞግ እ.ኤ.አ. በ1988 ለጃፓን የቤት ኮምፒውተሮች ነው የወጣው። ሁለተኛው በ1989 ለሜጋ ድራይቭ መጣ። እኛ “ሴጋ” የምንለው ማሽን ማለት ነው። አሜሪካ የገባው በ1990 ነው። የሠራው ቴክኖሶፍት የሚባል ኩባንያ ነው፤ ናጋሳኪ ግዛት ውስጥ ሳሴቦ በምትባል ከተማ የነበረ።

ሰብሳቢዎች ለምን ይፈልጉታል? ወደዚያ ልምጣ።

አንተ አንድ ሮቦት ነህ። ስትፈልግ ጄት ሆነህ ትበራለህ፣ ስትፈልግ መሬት ወርደህ በእግርህ ትዋጋለህ። እስከዚህ ድረስ ተራ የተኩስ ጌም ነው። ልዩነቱ ጦሩን የምትገዛው አንተ መሆንህ ነው። እግረኛ፣ ታንክ፣ ሞተር ሳይክል፣ ጀልባ፣ ፀረ አውሮፕላን... በጠቅላላው ስምንት ዓይነት አለ። እያንዳንዱን ስትገዛ ትእዛዝ አብረህ ትገዛለታለህ። “እዚህ ቁም”፣ “ቅርብ ያለውን ሰፈር ያዝ”፣ “የጠላትን ዋና ሰፈር ምታ”። ከዚያ አንጠልጥለህ ወስደህ የምትፈልግበት ትጥለዋለህ። ትንንሾቹን ሰፈሮች ለመያዝ አራት እግረኛ ማስገባት አለብህ። ሦስት ብታስገባ አልያዝክም። አራተኛውን ልታመጣ ስትሮጥ ነዳጅህ ያልቃል። ታንኩም ነዳጅ አለው፤ ካለቀበት ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀራል። የስንቅ መኪና ልከህ ታስቀዳለታለህ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰዓቱ ሳይቆም ነው። እንደ ዳማ ተራ አትጠብቅም። ጠላትህም በዚያው ደቂቃ እየገዛ፣ እያነሳ፣ እየጣለ ነው። ያኔ ስትራቴጂ ጌም ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ተራ በተራ የሚኬደውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ዱን ሁለት የሚባለውን ስትራቴጂ ጌም ያወጣው የዌስትዉድ ኩባንያ ሰው ብሬት ስፔሪ፣ ካነሳሱት ነገሮች አንዱ ሄርዞግ ዝዋይ እንደሆነ ተናግሯል። ከዱን ሁለት በኋላ ዋርክራፍት መጣ፣ ኮማንድ ኤንድ ኮንከር መጣ። በኢንተርኔት ካፌ ሌሊት ያደርንባቸው የዚህ ዓይነት ጌሞች አያታቸው ቆርቆሮ ውስጥ ተኝቷል።

ፈጣን ገዢ ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው የፈጠነው።

ቡና ነጋዴው ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

እኔ ምኑም አልገባኝም። ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካ ስንቱን እንዳተመው ማን ያውቃል። እንዴት ነው አንዱ ሚሊዮን፣ አንዱ 2 ሺህ የሚሆነው?

ካሴት ለቃሚ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

ቡና ነጋዴ ሆነህ እንዴት ይህን ትጠይቀኛለህ? 😀 ሁለት ጆንያ የጅማ ቡና ከአንድ ማሳ ተለቅሞ ዋጋው አንድ ነው? አንዱ በደንብ ደርቆ፣ ተለቅሞ፣ ቀማሹ ጥሩ ደረጃ ሰጥቶታል። ሌላው ዝናብ መቶት ሽታ ይዟል። ፍሬው አንድ ነው፤ ገዢው ግን አንድ አይደለም።

ካሴትም እንደዚያው። ባዶ ካሴት አንድ ዋጋ አለው። ካሴት ከነሣጥኑና ከነመመሪያ መጽሐፉ ሌላ ዋጋ ነው። ያልተከፈተ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሣጥኑን ማንም ልጅ አያስቀምጥም፤ ለዚያ ነው የሚወደደው። የሂርማታ ልጅ፣ ያንተ ባዶ ካሴት ነው። ዋጋ ስትፈልግ ደግሞ ሰዎች የጠየቁበትን አትይ። የተሸጠበትን እይ። መጠየቅማ ማን ይከለክላል?

ኪቶ 4ኛ ዓመት ፦ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ኤሌክትሪካል ነኝ፣ እዚሁ ጅማ ኪቶ ግቢ። ኦርጅናል መሆኑን ስለመለየት ትንሽ ልበል።

ካሴቱን መክፈት ያስፈልጋል። የሴጋ ቡሎን በተራ ካቻቪቴ አይፈታም፤ ራሱ ወጣ ያለ ልዩ ነው። መሣሪያው ከሌለህ የቢክ እስክሪብቶ ቱቦ በእሳት አለስልሰህ ቡሎኑ ላይ ጫነው። ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። ቀስ ብለህ ታዞረዋለህ። ሁለት እስክሪብቶ አበላሽቼ ሦስተኛው ላይ ተሳክቶልኛል።

ሲከፈት ቦርዱ ላይ እግር ያለው ትልቅ ጥቁር አይሲ (ቺፕ) ካየህ ጥሩ ምልክት ነው። በአይሲ ፋንታ እንደ ሬንጅ የተንጠባጠበ ጥቁር እብጠት ካየህ ግን ፎርጅድ ነው ብለህ ተዘጋጅ። ይህ ጌም ማስቀመጫ ባትሪ ስለሌለው፣ እንደ አንዳንዶቹ ባትሪው ሞቶ ዋጋው አይወርድም። አንድ ራስ ምታት ቀነሰልህ።

ጥርሱን፣ ማሽኑ ውስጥ የሚሰካውን የብረት መስመር ማለቴ ነው፣ አታፍበት! ሁላችንም እፍ እያልን ነው ያደግነው፤ ግን ምራቅ ነው የምንረጨው። ዝገቱን የሚያመጣው እሱ ነው። በጥጥ ላይ አልኮል አድርገህ ጥረገው። የፋርማሲው 70 ፐርሰንት ውሃ ስላለው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ።

አጂፕ ሰፈር ፦ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

አረቄ አይሆንም? ጥያቄው ለካሴቱ ነው፣ ለኔ አይደለም።

ኪቶ 4ኛ ዓመት ፦ ረቡዕ፣ ከሰዓት

አይሆንም። ለሁለታችሁም።

ለጅማ ሰው ደግሞ ትልቁ ጠላት ፎርጅድ አይደለም፤ እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ቀበቶህ ሳይቀር ይሻግታል። ነጠላ ውስጥ ተጠቅልሎ በተዘጋ ቁም ሳጥን መቀመጡ ደስ አይለኝም። ጨርቁ እርጥበት ይይዛል። ክዳኑ የሚገጥም ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኛቸውን “አትብላ” የሚሉ ትንንሽ ከረጢቶች ጨምርበት።

ዲሲ ያለሁ ፦ ረቡዕ፣ ማታ (እዚህ ቀን ነው)

እኔም እሰበስባለሁ። ሁለተኛውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። የሂርማታ ልጅ፣ መጥፎ ዜና ይዤ ስለመጣሁ ይቅርታ።

የጃፓን ሜጋ ድራይቭ ካሴት ሰፋ ያለ ነው፣ ጎኖቹም ክብ ናቸው። ያንተ ግን ጎንና ጎኑ ቀጥ ብሏል። ላዩ ላይ የጭረት መስመር ይታያል። ይህ ካሴት በሞረድ ተሞርዷል። የቀኙ ጎን ሳስቶ ሊቀደድ ትንሽ ነው የቀረው።

ለምን እንደተሞረደ መገመት ይቻላል። የአውሮፓና የአሜሪካ ማሽን ማስገቢያው ጠባብ ስለሆነ የጃፓን ካሴት አይገባበትም። የዚያን ዘመን ካሴቶች ከገቡ ግን አብዛኞቹ ይሠራሉ። ብዙ ሰው የማሽኑን አፍ ነበር የሚቆርጠው። ካሴቱን የሞረደ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ለሰብሳቢ ይህ እንደተጋጨ መኪና ነው። ኦርጅናል ቢሆንም ዋጋው ይወድቃል።

ጌሙን ለመጫወት ብቻ የሚፈልግ ደግሞ ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ያገኘዋል። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክኖሶፍትን ጌሞች ጠቅልሎ ገዝቶ፣ ይህንን በ2020 እንደገና አውጥቶታል። ያንተን የሚገዛ ሰው ካሴቱን ራሱን ፈልጎ መሆን አለበት፤ እሱ ደግሞ ተሞርዷል።

ፈጣን ገዢ ፦ ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

2 ሺሁን ትቼዋለሁ። 400።

የሂርማታ ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ማታ 4፡00

ሞረድ? አባቴ ነው እንግዲህ። የሱ እጅ ነው። የማይገባ ነገር ሁሉ በሞረድ ይገባል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። የበራችንን ቁልፍም እንደዚያው ነው ያስተካከለው፤ አሁን በየትኛውም ቁልፍ ይከፈታል።

ግን አባቴ ጌም አይጫወትም ነበር። ቤታችንም ሴጋ ኖሮን አያውቅም።

የድሮ ጌም ቤት ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡30

ልጆች፣ እኔ ሼባ ነኝ። እዚህ የምገባው ስለ ድሮ ቴፕ ለማንበብ ነው። ይህን ግን አይቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሂርማታ ልጅ፣ ካሴቱን ገልብጠህ እይ። ከጀርባው በቀይ እስክሪብቶ 7 ቁጥር ተጽፎበታል?

ካለ፣ ያ ካሴት የኔ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ገደማ (በእኛው አቆጣጠር) ጅማ ውስጥ ጌም ቤት ነበረኝ። ጌም ቤት ስላችሁ አንድ ክፍል፣ አንድ ቲቪ፣ አንድ ሴጋ፣ ስድስት በርጩማ ነው። ማሽኑን ዘመድ ከጣሊያን ነው ያመጣልኝ። ካሴቶቹን ግን ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ አመጣልኝ። ዘጠኝ ካሴት ነበረኝ፣ ሁሉንም ቁጥር ሰጥቼአቸው ነበር። 7ኛው አልገባም አለ። ማሽኑን ልቆርጥ ብዬ አባትህ ጋ ወሰድኩት። “የሰው ማሽን ከምቆርጥ ካሴቱን ብቀጣው ይሻላል” አለኝ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ሞረደው። ገባ! ሠራ!

ልጆቹ ዝዋይ ይሉት ነበር። መጀመሪያ ላይ ማንም አልወደደውም። ካራቴ ነበር የሚፈልጉት። ከጊዜ በኋላ አራት ልጆች ያዙት። ጃፓንኛ አይችሉ፣ እንግሊዝኛም እምብዛም። ትእዛዞቹን በቦታቸው ነበር የሚያውቋቸው። “ሦስተኛው ሂድና ያዝ ነው፣ አምስተኛው ዙሪያውን ጠብቅ ነው” እየተባባሉ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ያያል። አንዱ ልጅ ሌላው እንዳያይበት መሃል ላይ ካርቶን አድርጎ ነበር። በ10 ደቂቃ 50 ሳንቲም ነበር የማስከፍለው። ይህ ጌም ግን በ10 ደቂቃ አያልቅም። አለማለቁ ነበር የጠቀመኝ።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። የእህቴ ልጅ ጌሙን በስልኩ አሳየኝ። ያ እኔ የማውቀው ዝዋይ አይደለም። በጣም ይፈጥናል።

ኪቶ 4ኛ ዓመት ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡15

ጋሼ፣ ትክክል ነዎት፤ ትዝታዎ አልተሳሳተም። ያንጊዜ የእርስዎ ማሽን የአውሮፓ ስለነበር ፓል በሚባለው የቲቪ ሥርዓት፣ በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ) ነው የሚሠራው። ጌሙ ደግሞ የተሠራው ለጃፓን 60 ኸርዝ ነው። በ50 ሲሄድ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይዘገያል። ሙዚቃውም ጭምር። ጅማ ያደገው ዝዋይ ቀርፋፋ ነበር።

ጃፓን የተጫወቱት ልጆች ከእርስዎ ልጆች ያነሰ የማሰቢያ ጊዜ ነበራቸው ማለት ነው። 🙂

ካሴት ለቃሚ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ጋሼ፣ ይህን ታሪክ ይጻፉልን። ዲሲ ያለሁ “የተጋጨ መኪና ነው” ብሏል፤ እኔ አልስማማም። ንጹሕ የጃፓን ካሴት በጃፓን ሱቆች ይገኛል። ጅማ ውስጥ ግማሽ ቀን ተሞርዶ፣ 7 ቁጥር ተጽፎበት፣ በካርቶን ተጋርደው የተጫወቱበት ግን ሌላ የለም። እኔ ብሆን ይህን ነበር የምገዛው።

ዲሲ ያለሁ ፦ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ትገዛዋለህ፤ ልትሸጠው ስትወጣ ግን ገዢው አንተን አይደለም። ታሪክ በወረቀት ካልተደገፈ ገበያ ላይ ወሬ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ የተጠየቅነው ግን ዋጋ ነው።

ቡና ነጋዴው ፦ ሐሙስ፣ ከሰዓት

እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ጋሼ “የኔ ነበር” ብለዋል። ነበር ወይስ ነው? ካሴቱ ጌም ቤት ከሠራ ለምን ጠጋኙ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ?

አጂፕ ሰፈር ፦ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ወይ ጉድ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ነው።

የድሮ ጌም ቤት ፦ ሐሙስ፣ ማታ 1፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አፈርኩ እንጂ መልሱን አውቀዋለሁ። ከዓመት በኋላ ጎኑ ሳስቶ መላወስ ጀመረ። ሲነካ ይጠፋል። እንዲያጠብቀው መልሼ ወሰድኩለት። በዚያው ሰሞን ቤቱን ዘጋሁና አዲስ አበባ ገባሁ። ሳልወስደው ቀረሁ።

የሂርማታ ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 3፡45

እናቴን በስንት ልመና ቁልፉን አስወጣኋት። 7 ቁጥር አለው። ቀይ። ትንሽ ደብዝዟል።

የኪቶውን ምክር ሰምቼ በእስክሪብቶ ከፈትኩት። አንደኛው እስክሪብቶ ነው የሠራው፣ እንዳትቀኑ። እግር ያለው ትልቅ አይሲ ነው፣ እብጠት የለውም። የሳሳውን ጎን አባቴ ከውስጥ በቀጭን ቆርቆሮ ደግፎታል፣ በሙጫ። አስተካክሎት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ እናቴ የአባቴን የሥራ ደብተር አወጣች። የደንበኛ ስምና ዕዳ የሚጽፍበትን። ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አገላበጥን። አገኘነው። ስምዎን እዚህ አልጽፍም ጋሼ፤ ከጎኑ ግን “የጌም ካሴት ጎን ማጠናከር፣ 5 ብር፣ ቀሪ” ይላል። አልተሰረዘም።

ካሴቱ መያዣ ነው ማለት ነው። አልሸጠውም።

ፈጣን ገዢ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 3፡50

600።

የድሮ ጌም ቤት ፦ ዓርብ፣ ጠዋት 12፡15

ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስቅ አደርኩ፤ ከዚያም አለቀስኩ። በመጪው ሐሙስ ለገበያው ቀን ጅማ እመጣለሁ። ማሽኑ አሁንም አለኝ፣ አዳፕተሩ ግን ጠፍቷል።

ኪቶ 4ኛ ዓመት ፦ ዓርብ፣ ጠዋት 2፡00

ጋሼ፣ ያገኙትን አዳፕተር ዝም ብለው እንዳይሰኩ! የመጀመሪያው ሞዴል 9 ቮልት ነው፣ መሃሉም ኔጋቲቭ ነው። ብዙዎቹ አዳፕተሮች መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። ይዘውት ይምጡ፣ እኔ ላብራቶሪ ወስጄ አስተካክለዋለሁ። ሒሳብ የለውም፤ አንድ ዙር ካስጫወታችሁኝ።

የሂርማታ ልጅ ፦ ዓርብ፣ ጠዋት 3፡20

ይምጡ ጋሼ። ሱቁን እስከ ሐሙስ አናከራይም። ቲቪ አለ፣ በርጩማ አለ፣ ቡና አለ። ሁለተኛ ጆይስቲክ ካለዎት እሱን ይያዙ።

እናቴ ደግሞ አንድ ነገር ጻፍልኝ ብላለች፤ 5 ብሯን እንዳይረሱ።